ምዕራፍ 5፦ ትርፍ የባለአክሲዮን የሚሆነው መቼ ነው?

በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከባለቤትነቱ ከመቶ 10 እጁን ለሕዝብ ለመሸጥ ባቀረበ ጊዜ፣ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ አንድ ሰው ሊገዛ የሚችለው ትንሹ መጠን 33 አክሲዮን፣ የመሸጫውም መንገድ በእጅ ስልክ የሚሠራው ቴሌብር ስለ ነበረ፣ ከዚያ በፊት የባለአክሲዮኖች ስብሰባ የሚደረግበትን አዳራሽ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ 9,900 ብር ከቋጠረ የአንድ ታላቅ ድርጅት ባለቤቶች ከሚባሉት ጋር ለመቈጠር በቃ፤ ሽያጩ ተዘግቶ ሒሳቡ በተገለጸ ጊዜም ከ47 ሺህ የሚበልጡ ገዢዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዝተው ተገኙ። እንዲህ ያለው ሰው፣ በአዲስ አበባ በኮልፌ ገበያ ሱቅ የከፈተ ነጋዴም ቢሆን፣ በቤተል ወይም በአየር ጤና ሰፈር የምትኖር መምህርት ብትሆን፣ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም፤ ይኸውም «ድርጅቱ አተረፈ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ታዲያ የኔ ድርሻ ወዴት አለ?» የሚል ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከሚገመተው ይረዝማል። በመጀመሪያው ምዕራፍ አክሲዮን ማኅበር ማለት ከአባላቱ ተለይቶ የራሱ ስም፣ የራሱ ንብረትና የራሱ ዕዳ ያለው በሕግ የተፈጠረ አካል መሆኑን ተመልክተናል፤ በሦስተኛው ምዕራፍ የሀብትና የዕዳ መግለጫ እንዴት እንደሚነበብ፣ በአራተኛውም የቦርድ አባላት እንዴት እንደሚመረጡና ምን ዓይነት ዐደራ እንደሚሸከሙ አይተናል። አሁን እነዚያ ሦስት ነገሮች በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። ማኅበሩ ከአባላቱ የተለየ አካል ከሆነ፣ ያተረፈው ትርፍም በመጀመሪያ የማኅበሩ እንጂ የአባላቱ ሊሆን አይችልም፤ ከማኅበሩ ኪስ ወጥቶ ወደ አባላቱ ኪስ እንዲገባም በመካከል የሚያሻግረው ነገር ያስፈልጋል። ያ የሚያሻግረው ነገር በሥርዓት የተሰጠ ውሳኔ ነው፤ ቦርዱ መርምሮ ያቀርበዋል፣ የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ያጸድቀዋል። ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት ባለአክሲዮኑ ያለው ተስፋ ነው፤ ከተሰጠ በኋላ ግን ያለው መብት ነው። የዚህ ምዕራፍ ነገር ሁሉ በዚህች ሐሳብ ዙሪያ ይሽከረከራል።

ጉቶውና አጣናው

ኮልፌን የሚያውቅ ሰው አጣና ተራን ያውቃል፤ ለአጥር፣ ለቤት ግድግዳና ለሕንፃ መወጣጫ የሚሆነው የባሕር ዛፍ እንጨት በመኪና እየተጫነ የሚራገፍበት፣ በውፍረቱና በርዝመቱ እየተለየ የሚሸጥበት ገበያ ነው። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ኰረብቶች እስኪያለብስ ድረስ የተስፋፋበት ምክንያት፣ ፈጥኖ ከማደጉ በላይ፣ ከተቈረጠ በኋላ ከጉቶው እንደ ገና ማቈጥቈጡ ነው። የባሕር ዛፍ ባለቤት የሆነ ገበሬ የደረሰውን አጣና ይቈርጣል፣ ይሸጣል፤ ጉቶውን ግን ይተዋል፤ ጉቶው ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላ አጣና ያበቅልለታልና። ጉቶውም እንኳ ተቈፍሮ ቢወጣ ለማገዶ ይሸጣል፤ ነገር ግን ጉቶውን የሸጠ ሰው በዚያ ዓመት ብዙ ብር ቈጥሮ፣ በሚቀጥለው ዓመት ባዶ መሬት ታቅፎ ይቀራል።

ባለአክሲዮኖች ማኅበሩን ሲያቋቁሙ ያዋጡት ገንዘብ፣ በነጋዴ ቋንቋ ካፒታል የሚባለው፣ ጉቶው ነው፤ በዚያ ገንዘብ ተሠርቶ፣ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ፣ ግብሩም ተከፍሎ የተረፈው የተጣራ ትርፍ አጣናው ነው። ለባለአክሲዮኖች ሊከፋፈል የሚችለው አጣናው ብቻ ነው። ሕግ በዚህ ላይ የጠነከረው ለባለአክሲዮኖቹ ብቻ አስቦ አይደለም፤ ለማኅበሩ ያበደሩትን፣ ዕቃ በዱቤ የሰጡትን፣ ደመወዝ የሚጠብቁትንም አስቦ ነው። እነዚህ ሰዎች ማኅበሩ ዕዳውን መክፈል ቢያቅተው የባለአክሲዮኖቹን ቤትና መኪና ሊያስይዙ አይችሉም፤ የባለአክሲዮኑ ኀላፊነት ባዋጣው ገንዘብ የተወሰነ መሆኑን በመጀመሪያው ምዕራፍ አይተናልና፤ ስለዚህ መተማመኛቸው ጉቶው በቦታው መኖሩ ብቻ ነው። ጉቶው በትርፍ ስም ተነቅሎ ቢከፋፈል መተማመኛቸው ሳያውቁት ተሰረቀ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የባሕር ዛፉ ባለቤቶች ብዙ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ናቸው እንበል። ከመካከላቸው አንዱ ገንዘብ ቢቸግረው፣ «ከዚህ ደን ስድስተኛው እጅ የኔ ነው» ብሎ መጥረቢያውን አንሥቶ ለብቻው ሊቈርጥ ይችላልን? አይችልም፤ የትኛው አጣና እንደ ደረሰ፣ የትኛው ቀጭን እንደ ሆነ፣ ምን ያህሉስ ለመጪው ጊዜ መተው እንዳለበት ሳይታይ ሁሉም በየፊናው ቢቈርጥ ደኑ በአንድ በጋ ያልቃል። ስለዚህ ከመካከላቸው ዐዋቂዎቹን ይመርጣሉ፤ የተመረጡት ደኑን ዞረው አይተው «ዘንድሮ ይህን ያህል ብንቈርጥ ይሻላል» ብለው ያቀርባሉ፤ ቤተ ዘመዱም ተሰብስቦ ይሰማል፣ ይጠይቃል፣ ከተስማማም «ይቈረጥ» ይላል። ቦርድና ጠቅላላ ጉባኤ በአክሲዮን ማኅበር ውስጥ ያላቸው የሥራ ክፍፍል ይኸው ነው።

ከሰኔ በኋላ

በአገራችን የባንኮችና የብዙዎች ማኅበራት የሒሳብ ዓመት በሰኔ ወር መጨረሻ ገደማ ይዘጋል። ከዚያ ጀምሮ የማኅበሩ የሒሳብ ሠራተኞች የዓመቱን ገቢና ወጪ አጠቃልለው የትርፍና የኪሳራውን፣ የሀብትና የዕዳውንም መግለጫ ያዘጋጃሉ፤ ይህም የሚዘጋጀው በእያንዳንዱ ሥራ አስኪያጅ ፈቃድ ሳይሆን፣ በ2006 ዓ.ም. በወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 መሠረት በታወቀ የአዘጋገብ ደረጃ ነው። ቀጥሎም የውጭ ኦዲተር ይመጣል። ኦዲተሩን የሚሾመው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ሪፖርቱንም የሚያቀርበው ለዚያው ለጉባኤው ነው፤ እንዲህ የሆነበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ መጋቢውን የሚመረምር ሰው ከመጋቢው እጅ ሹመት የተቀበለ ከሆነ ምስክርነቱ ሙሉ እምነት አይጣልበትም።

በዚህ ጊዜ አንባቢው ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ልዩነት አለ። ትርፍ ማለት በሣጥን ውስጥ ያለ ጥሬ ገንዘብ ማለት አይደለም። አንድ ማኅበር ዕቃውን በዱቤ ሸጦ በመዝገቡ ላይ ብዙ ትርፍ ሊያሳይ ይችላል፤ ገንዘቡ ግን ገና ከገዢዎቹ እጅ ስለ ሆነ፣ ለባለአክሲዮን ልክፈል ቢል የሚከፍለው ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ቦርዱ ሁለት ጥያቄ ለየብቻ ይጠይቃል፤ አንደኛው «እውነተኛ ትርፍ አለን?» የሚል ነው፤ ሁለተኛውም «ያንን ትርፍ ብናከፋፍል ነገ ለደመወዝ፣ ለዕዳና ለግብር የሚሆን ገንዘብ ይተርፈናልን?» የሚል ነው። ለሁለቱም መልሱ «አዎን» ካልሆነ የሚቀርብ የክፍፍል ሐሳብ አይኖርም።

ትርፍ ከሌለ የሚቀርብ ነገር አለመኖሩን የአገራችን የባንክ ታሪክ ራሱ ያስተምራል። በ1905 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥትና የግብፅ ብሔራዊ ባንክን በወከሉ ሰዎች መካከል በተደረገ ስምምነት የተቋቋመውና በሚቀጥለው ዓመት በአዲስ አበባ የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ በአገሩ ውስጥ ብቸኛ ባንክ ሆኖ ለመሥራት መብት ተሰጥቶት ነበር፤ ነገር ግን ሕዝቡ ለባንክ ሥራ እንግዳ በመሆኑ፣ የማቋቋሚያውና የሠራተኞቹ የጉዞ ወጪም ከባድ በመሆኑ፣ እስከ 1914 እ.ኤ.አ. ድረስ ትርፍ አላገኘም፤ ከዚያም በኋላ በ1919ና በ1920፣ ከ1924 ጀምሮ ደግሞ በተከታታይ ትርፍ መዘገበ። ተወዳዳሪ የሌለው ባንክ እንኳ ይህን ያህል ዓመት ያለ ትርፍ ከቈየ፣ ዛሬ ገንዘቡን በአዲስ ማኅበር ላይ የሚያውል ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የትርፍ ድርሻ ባይደርሰው ተታለልሁ ለማለት መቸኰል አይገባውም፤ መጠየቅ የሚገባው የሚደርሰው ነገር አለመኖሩ በመዝገብና በምስክር መረጋገጡን ነው።

ቦርዱ በጠረጴዛ ዙሪያ

የተመረመረው ሒሳብ በእጁ ከደረሰ በኋላ የዳይሬክተሮች ቦርድ ይሰበሰባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ ረቂቁን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ኤስካራ ጀምረውት እርሳቸው ካረፉ በኋላ አልፍሬድ ጆፍሬ የፈጸሙት፣ የአክሲዮን ማኅበር ዳይሬክተሮች ቍጥር ከ3 እንዳያንስ፣ ከ12 እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ ያ ሕግ ከስድሳ ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ በ2013 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። ቦርዱ ውሳኔ ለመስጠት ምልዓተ ጉባኤ፣ ማለትም ለውሳኔ የሚበቃ የአባላት ቍጥር፣ መገኘት አለበት፤ የተነገረው፣ የተወሰነውና በሐሳብ የተለየውም ሰው ሐሳብ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ ተሰብሳቢዎቹም ይፈርሙበታል። ይህ ፊርማ ለወግ ያህል የሚደረግ አይደለም፤ ውሳኔው ወደ ፊት ጥፋት ሆኖ ቢገኝ ማን እንደ ደገፈውና ማን እንደ ተቃወመው የሚታወቀው ከዚያ ነው።

ቦርዱ የሚመዝነው ምንድን ነው? ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በኮልፌ የሚሠራ አንድ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴዎች አክሲዮን ማኅበር በሐሳባችን እንፍጠር፤ ካፒታሉ 40 ሚሊዮን ብር፣ አክሲዮኖቹም እያንዳንዳቸው 1,000 ብር የሚያወጡ 40,000 ናቸው እንበል። በዓመቱ መጨረሻ ግብሩ ተከፍሎ 10 ሚሊዮን ብር የተጣራ ትርፍ ተገኘ።

በመጀመሪያ ቦርዱ ካለፉት ዓመታት ያልተሸፈነ ኪሳራ መኖር አለመኖሩን ያያል፤ ኪሳራ ካለ የዘንድሮው ትርፍ አስቀድሞ ያንን ይሞላል። የኛ ማኅበር ኪሳራ የለበትም እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው ሕጋዊ መጠባበቂያ ነው፤ ማንም ባለአክሲዮን ባይወደው እንኳ የሚቀነስ ገንዘብ ነው። የ1952ቱ ሕግ በያመቱ ከተጣራው ትርፍ ቢያንስ ከ20 አንድ እጅ፣ ማለትም ከመቶ 5፣ መጠባበቂያው የካፒታሉን ዐሥረኛ እስኪያክል ድረስ እንዲቀመጥ ያዝዝ ነበር፤ በዚህ መጣኔ ብናሰላ ማኅበራችን 500,000 ብር ያስቀምጣል፤ መጠባበቂያው 4 ሚሊዮን ብር እስኪሞላም በያመቱ እንዲሁ ያደርጋል። በባንኮች ላይ የተጣለው ግዴታ ከዚህ እጅግ ይከብዳል፤ የብሔራዊ ባንክ ሥርዓት እንደሚያዝዘው ባንክ መጠባበቂያው ካፒታሉን እስኪያክል ድረስ በያመቱ የተጣራ ትርፉን ሩብ፣ ከዚያም በኋላ ዐሥረኛውን ሲያስቀምጥ ኖሯል። የክብደቱም ምክንያት ባንክ የሚሠራው በባለአክሲዮኖቹ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ ይበልጡን ባስቀማጮች ገንዘብ መሆኑ ነው።

የቀረው 9,500,000 ብር ነው። እዚህ ላይ ሕግ ያበቃና ማስተዋል ይጀምራል። ማኅበሩ መጋዘን ይሠራ ይሆን? የባንክ ብድር የሚከፈልበት ቀን ቀርቧልን? የዕቃ ዋጋ እየናረ ነውና ያው የዕቃ መጠን በሚመጣው ዓመት በበለጠ ገንዘብ ይገዛ ይሆን? ቦርዱ እነዚህን ሁሉ አይቶ 3,500,000 ብር ለመጋዘን እንዲቀመጥ፣ 6,000,000 ብር ለባለአክሲዮኖች እንዲከፋፈል ቢወስን፣ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው 150 ብር ይሆናል። 20 አክሲዮን ያለው ሰው 3,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ከዚያም ላይ የትርፍ ድርሻ ግብር ይቀነሳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ይህን ግብር ከመቶ 10 አድርጎት ነበር፤ በዚያ ብናሰላ 300 ብር ተቀንሶ 2,700 ብር በእጁ ይገባል፤ መጣኔው በሌላ አዋጅ በተለወጠ ጊዜ ሒሳቡም አብሮት ይለወጣል።

ስለዚህ የቦርዱ የውሳኔ ሐሳብ ሙሉ ነው ሊባል የሚችለው አራት ነገር በግልጽ ሲናገር ነው፤ በጠቅላላው ምን ያህል እንደሚከፋፈል፣ ለአንድ አክሲዮን ምን ያህል እንደሚደርስ፣ ድርሻው የሚገባው በየትኛው ቀን በባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ ስሙ ለተገኘ ሰው እንደ ሆነ፣ መቼና እንዴትም እንደሚከፈል። ሦስተኛው ነጥብ ቀድሞ ብዙ ክርክር አያስነሣም ነበር፤ ከጥር ወር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ከሆነ ወዲህ ግን፣ አክሲዮን ከእጅ ወደ እጅ በቀላሉ የሚዛወርበት ዘመን ስለ መጣ፣ ሻጭና ገዢ «የዘንድሮው ድርሻ የማን ነው?» ብለው እንዳይካሰሱ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ መሆን ይገባዋል።

ጉባኤው ሲሰማና ሲወስን

ቦርዱ የደረሰበት ሐሳብ እስካሁን ሐሳብ ነው። ወደ ውሳኔ የሚለውጠው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ለባንኮቻችን የዚህ ጉባኤ ወራት ባብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ በእነዚያ ወራት ጋዜጣ የሚገልጥ ሰው ስፍራውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና አጀንዳውን የሚናገሩ የጥሪ ማስታወቂያዎች ተደርድረው ያያል። አጀንዳው አስቀድሞ መገለጹ ትልቅ ነገር ነው፤ ባለአክሲዮን በማያውቀው ነገር ላይ ድንገት እጁን እንዲያወጣ እንዳይገደድ ይጠብቀዋል። ራሱ ለመምጣት ያልቻለም በውክልና ሌላ ሰው ሊልክ ይችላል።

በጉባኤው የነገሮቹ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የተደረደረ አይደለም። በመጀመሪያ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ ይረጋገጣል፤ የሚቈጠረውም በአዳራሹ የተቀመጠው ራስ ብቻ ሳይሆን በራሶቹ የተወከለው አክሲዮን ነው። ከዚያ የቦርዱ ሰብሳቢ የዓመቱን ሪፖርት ያቀርባል፤ ቀጥሎ ኦዲተሩ ምስክርነቱን ይሰጣል፤ ባለአክሲዮኖች ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፤ ከዚያ ሒሳቡ ይጸድቃል፤ ከሁሉም በኋላ ስለ ትርፉ ድልድል ይወሰናል። ሒሳቡ ሳይጸድቅ የትርፍ ክፍፍል ቢወሰን፣ የደረሰውን አጣና ሳይቈጥሩ ለመቍረጥ እንደ መማማል ይሆናል። ድምፅ የሚሰጠውም በአክሲዮን ቍጥር ነው፤ 1,000 አክሲዮን ያለው ሰው 20 ካለው ይልቅ ብዙ ድምፅ አለው፤ ይሁን እንጂ የመጠየቅ መብት ለሁለቱም አለ፤ ብዙ ጊዜም የጉባኤን ሐሳብ የሚለውጠው ብዙ ድምፅ ያለው ሰው ሳይሆን ጥሩ ጥያቄ ያቀረበው ነው። በመጨረሻም የተወሰነው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ የሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤትም ሲያረጋግጠው ማኅበሩ በባንክም፣ በግብር መሥሪያ ቤትም፣ በፍርድ ቤትም ፊት የሚያሳየው ሰነድ ይሆናል።

እንግዲህ ያ ውሳኔ በተሰጠባት ቅጽበት አንድ ታላቅ ለውጥ ይሆናል። ከውሳኔው በፊት ባለአክሲዮኑ ማኅበሩን «ድርሻዬን ክፈለኝ» ብሎ ሊከስስ አይችልም፤ የሚከፈል ነገር ገና አልተወሰነለትምና። ከውሳኔው በኋላ ግን ያ 3,000 ብር የማኅበሩ ዕዳ ሆኗል፤ ባለአክሲዮኑም በዚያ ገንዘብ መጠን እንደ ሌላው ገንዘብ ጠያቂ ሁሉ ገንዘብ ጠያቂ ሆኗል። ቦርዱ ገንዘቡን ለሌላ ሥራ ፈልጌዋለሁ ብሎ በራሱ ሥልጣን ሊመልሰው አይገባም። በአንድ አዳራሽ ውስጥ በተነሡ እጆች ተስፋ የነበረው ነገር ዕዳ ሆነ፤ ሥርዓቱ ሁሉ፣ ጥሪው፣ ምልዓተ ጉባኤው፣ ቃለ ጉባኤውና ፊርማው፣ ያስፈለገው ለዚህች መሸጋገሪያ ሲባል ነው።

የሌሎች አገሮች ልማድ

የትርፍ ክፍፍል ጥያቄ ከአክሲዮን ማኅበር ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1602 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሆላንድ የምሥራቅ ህንድ ማኅበር ለብዙ ዓመታት የትርፍ ድርሻ ሳይከፍል ቈይቶ ባለአክሲዮኖቹ ካጕረመረሙ በኋላ፣ በ1610 የመጀመሪያውን ድርሻ የሰጠው በአመዛኙ በቅመም ነበር። ማኅበሩ ሀብት ነበረው፤ ጥሬ ገንዘብ ግን አጥሮት ነበር፤ ከላይ የተናገርነው በትርፍና በገንዘብ መካከል ያለው ልዩነት በዚያ በግልጽ ይታያል።

ሥልጣኑን ለማን መስጠት እንደሚገባ አገሮች ልዩ ልዩ መንገድ ይዘዋል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎች በተመዘገቡባት በዴላዌር ግዛት የትርፍ ድርሻን የሚያውጀው ቦርዱ ራሱ ነው፤ የባለአክሲዮኖችን ድምፅ አይጠይቅም። በእንግሊዝ አገር ልማድ ግን የዓመቱን መጨረሻ ድርሻ ቦርዱ ያቀርባል፣ ጉባኤው ያጸድቃል፤ ጉባኤውም ቦርዱ ካቀረበው ሊያሳንስ ይችላል እንጂ ሊያስበልጥ አይችልም። ባለአክሲዮኖች በአንድ ቀን ስሜት ደኑን እንዳይጨርሱት የተደረገ ጥበቃ ነው። የኛ አገር ሥርዓት ለጉባኤው የመጨረሻውን ቃል በመስጠቱ ከአሜሪካው ይልቅ ለእንግሊዙ ይቀርባል።

ሥልጣን ለቦርድ ብቻ በተሰጠበት አገርም ቢሆን ሥልጣኑ ገደብ አለው። ሄንሪ ፎርድ የመኪና ፋብሪካው ብዙ ሀብት አከማችቶ ሳለ ልዩ የትርፍ ድርሻ መክፈሉን አቁሞ ገንዘቡን ለማስፋፊያና የመኪናን ዋጋ ለማርከስ አውለዋለሁ ባለ ጊዜ፣ ከመቶ 10 ያህል አክሲዮን የነበራቸው የዶጅ ወንድማማቾች ከሰሱት፤ በ1919 እ.ኤ.አ. የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ19 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል ፈረደ፤ ፋብሪካውን እንዳያስፋፋ ግን አልከለከለውም። ፍርዱ የሚያስተምረው ቦርድ ገንዘብ የማስቀመጥ መብት ቢኖረውም ያስቀመጠበት ምክንያት ለማኅበሩና ለባለአክሲዮኖቹ ጥቅም መሆን እንዳለበት ነው።

ሐሰተኛ ትርፍ

ጉቶን አጣና ነው ብሎ መሸጥ በየአገሩ የታየ ፈተና ነው። በ1882 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ፍሊትክሮፍት በተባለው ዳይሬክተር ስም በሚታወቀው ክስ የታየው ነገር ይህን ይመስላል። የአንድ ባንክ ዳይሬክተሮች ፈጽሞ እንደማይመለሱ የሚያውቋቸውን ብድሮች እንደ ጤነኛ ሀብት አድርገው በሒሳብ መዝገብ አሰፈሩ፤ በመዝገብ ላይ ትርፍ ታየ፤ ለበርካታ ዓመታትም ከዚያ በሌለ ትርፍ ለባለአክሲዮኖች ተከፋፈለ። ባንኩ ከፈረሰ በኋላ ፍርድ ቤቱ ከካፒታል የተከፈለውን ገንዘብ ዳይሬክተሮቹ ከገዛ ኪሳቸው እንዲመልሱ አዘዘ። ባለአክሲዮኖቹ በጉባኤ አጽድቀውት ነበር የሚለው መከራከሪያ አላዳናቸውም፤ ካፒታሉ ለገንዘብ ጠያቂዎችም መተማመኛ ነውና ባለአክሲዮኖች ቢወድዱም ሊሰጡት የሚችሉት ነገር አይደለም።

ከዚህ የምንማረው ጉባኤ ያጸደቀው ሁሉ ትክክል ነው የሚለው አስተያየት ስሕተት መሆኑን ነው። ጉባኤው የሚያጸድቀው እውነተኛ ትርፍን ነው፤ ሐሰተኛ ትርፍን በጭብጨባ እውነተኛ ለማድረግ አይችልም። ስለዚህም ኦዲተሩ በሪፖርቱ ውስጥ የሚያስቀምጠው ማስጠንቀቂያ፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ ብትሆን፣ ከሰብሳቢው ረዥም ንግግር ይልቅ በጥንቃቄ መነበብ ይገባዋል።

የባለአክሲዮኑ ግዴታ

በአገራችን የግል አክሲዮን ማኅበር ረጅም ዕድሜ ያገኘ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የአዲስ አበባ ባንክ አክሲዮን ማኅበር ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሌሎች የግል ባንኮች ጋር በመንግሥት ተወረሰ፤ ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል በባንክ አክሲዮን የትርፍ ድርሻ መቀበል የሚባል ነገር በኢትዮጵያ ቀረ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ባንክ እንደ ገና ሲፈቀድ፣ አዋሽ ባንክ በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል በ1987 ዓ.ም. ተቋቋመ። እንግዲህ በጉባኤ ተቀምጦ ስለ ትርፉ ድምፅ የመስጠት ልማድ በእኛ ዘንድ ተቋርጦ እንደ ገና የተጀመረ ነው፤ ያልበሰለ ልማድም እንክብካቤ ይፈልጋል።

ይህ ልማድ አሁን ከባድ ፈተና ላይ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ እያንዳንዱ ባንክ እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ድረስ የተከፈለ ካፒታሉን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርስ ስላዘዘ፣ በየጉባኤው የትርፍ ድርሻ በጥሬ ገንዘብ ከመከፈል ይልቅ ወደ ካፒታል እንዲዞር የሚቀርብ ሐሳብ በርክቷል። ለባንኩ ጥንካሬ የሚበጅ ሊሆን ይችላል፤ ድርሻውን ለልጆቹ ትምህርት ወይም ለቤት ኪራይ ይጠብቅ ለነበረው ባለአክሲዮን ግን ከባድ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሊመዘኑ የሚገባቸውም በጉባኤ ፊት በግልጽ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው የጥሪ ማስታወቂያ ሲወጣ፣ 33 አክሲዮን ብቻ ያለው ባለአክሲዮንም ቢሆን፣ ሪፖርቱን አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ያንብብም። የተጣራው ትርፍ ምን ያህል ነው? ከዚያ ውስጥ በጥሬ ገንዘብ የገባው ስንት ነው? ለመጠባበቂያ ምን ያህል ተቀመጠ? የቀረው ለምን ሥራ እንዲቈይ ታሰበ፣ ዐምና እንዲሁ የቈየውስ ምን ፍሬ አፈራ? ኦዲተሩ ያስጠነቀቀው ነገር አለን? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች የሚጠይቅ ጉባኤ ያለው ቦርድ ሐሳቡን ሲያዘጋጅ ይጠነቀቃል፤ የማይጠይቅ ጉባኤ ያለው ቦርድ ግን፣ አባላቱ ደጋግ ሰዎች ቢሆኑ እንኳ፣ ቀስ በቀስ ይዘናጋል። የትርፍ ድርሻን የሚያስከብረው ሕጉ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ በሰጠው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥያቄውን የሚጠይቀው ባለአክሲዮን ጭምር ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ጉባኤው በተሳሳተ ጊዜ፣ ወይም የብዙኃኑ ድምፅ የጥቂቶቹን ጥቅም በረገጠ ጊዜ፣ ጥቂቶቹ ወዴት እንደሚሄዱና ሕግ ምን መጠጊያ እንዳዘጋጀላቸው እንመለከታለን።